ዊንዶውስ 10 ያበቃለት ላፕቶፕ ሊኑክስ ሚንትን ይችላል ወይ? ለአዳማ የጽሕፈት ቤት ባለቤት የተሰጠ ምላሽ

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። አንድ ዴል ላቲቲዩድ ኢ6430 ላፕቶፕ አለ፤ ኮር አይ 5፣ 4 ጊጋ ራም፣ 320 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ሌላው 2 ጊጋ ራም ያለው ኮር ቱ ዱኦ ዴስክቶፕ ነው፤ ፒችትሪ ያለው እሱ ላይ ነው። ሁለቱም ዊንዶውስ 10 ናቸው። ላፕቶፑ ከመንቀርፈፉ የተነሳ ደንበኛ ትቶኝ ይሄዳል። አንድ ተማሪ ደንበኛዬ ሊኑክስ ሚንት ጫኚበት፣ ነፃ ነው፣ ቫይረስም አይነካውም አለኝ። ባለቤቴ ደግሞ አዲስ እንግዛ ይላል። ማሽኖቼ ይችሉታል? አማርኛ መጻፍ፣ በኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102 ማተም እችላለሁ? ሒሳቤስ?»

እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎትና ምክንያቱን ቀስ ብዬ ላስረዳ። ላፕቶፑ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ሚንትን በደንብ ይችላል። አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (ፈጣን የዲስክ ዓይነት ነው) ያስቀይሩ፣ ራሙንም ወደ 8 ጊጋ ከፍ ያድርጉ። ዴስክቶፑን ግን አይንኩት። የሒሳብ ፕሮግራምዎ ፒችትሪ ሊኑክስ ላይ አይሄድልዎትም፤ የቆዩ የአማርኛ ሰነዶችዎም ለጊዜው ዊንዶውስ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ዴስክቶፑ ከኢንተርኔት ተነቅሎ ለሒሳብ ይቀመጥ፣ ላፕቶፑ ሚንት ተጭኖበት ደንበኛ ያስተናግድ።

መለወጡ ለምን እንዳስፈለገ ባለቤትዎም እንዲያውቁት ልጀምር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025) አቁሟል። ለግል ተጠቃሚዎች ተጨማሪ የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ቢኖርም እሱም ያልቃል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ፣ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ዲስክ ይጠይቃል። የእርስዎ ኢ6430 ፕሮሰሰሩ 3ኛ ጀነሬሽን ነው። ቁጥጥሩን አልፈው ዊንዶውስ 11 የሚጭኑ ልጆች ከተማችን ውስጥ አሉ፤ ግን ማይክሮሶፍት በማይደግፈው ማሽን ላይ የተጫነ ሲስተም አንድ ቀን ማሻሻያ ቢከለከል ወይም ቢበላሽ የሚጠየቅ የለም። መተዳደሪያ የሆነ ማሽን ላይ እንዲህ ያለውን ነገር አልመክርም።

ሚንት የሊኑክስ ቤተሰብ ነው። ሊኑክስ የተባለውን የሲስተሙን እምብርት ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ ፊንላንዳዊ ተማሪ በ1991 ጀመረው። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ያከፋፍለዋል። ሚንት በ2006 በክሌማ ለፌቭር የተጀመረ ሲሆን ኡቡንቱ ከተባለ ሌላ ሊኑክስ ላይ ተነስቶ የሚሠራ ነው። የሚተዳደረው በአብዛኛው በተጠቃሚዎች መዋጮና በስፖንሰሮች ነው። ከእርስዎ የፈቃድ ክፍያ አይጠይቅም፣ አክቲቬሽን የሚባል ነገርም የለውም። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ብዙ የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውሱና ኦፊሱ አክቲቬት የተደረጉት ከየትም በመጣ የፈቃድ ማለፊያ (ክራክ) ፕሮግራም ነው። ያንን ፕሮግራም ለማስገባት አንቲቫይረሱ መጥፋት ነበረበት፤ ከዚያ ጀምሮ በሩ ክፍት ነው።

ከሊኑክሶች ሁሉ ለምን ሚንት? ኡቡንቱ ጥሩ ሲስተም ነው፤ ግን የስክሪኑ አቀማመጥ ከዊንዶውስ ይለያል፣ ራምም ከሚንት ይበልጥ ይፈልጋል። ዞሪን የሚባለውም ለጀማሪ ይስማማል፣ መልኩም ያምራል፤ የመረጠውን አልቃወምም። ሚንት ግን ሜኑው ከታች በግራ ጥግ ነው፣ የተከፈቱ ፕሮግራሞች ከታች ይደረደራሉ፣ ሰዓቱ በቀኝ በኩል ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ የሠራ ሰው ምንም ሳይነገረው ፎልደሩን ያገኛል። ፋየርፎክስ፣ በዎርድና በኤክሴል ፋንታ የሚያገለግለው ሊብሬኦፊስ፣ የፒዲኤፍ ማንበቢያና ስካን ማድረጊያ አብረውት ተጭነው ይመጣሉ። ሠራተኛዎን እንደገና ማሠልጠን አይጠበቅብዎትም፤ ለእኔ ሚዛኑን የደፋው ይሄ ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ። ሚንት በይፋ የሚጠይቀው ቢያንስ 2 ጊጋ ራም፣ 20 ጊጋ የዲስክ ቦታና 1024 በ768 የሆነ ስክሪን ነው። ተመችቶ ለመሥራት 4 ጊጋ ራምና 100 ጊጋ ዲስክ ይመከራል። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት መሆን አለበት፤ ከ2020ው ሚንት 20 ወዲህ ዋናው ሚንት ለ32 ቢት አይዘጋጅም። የእርስዎ ሁለቱም ማሽኖች 64 ቢት ናቸው፣ ኮር ቱ ዱኦውም ጭምር።

ግን «ቢያንስ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ያንብቡት። ሲስተሙ ይነሳል፣ ፎልደር ይከፈታል፣ ደብዳቤ ይጻፋል ማለት ነው። ራሙን የሚጨርሰው ሲስተሙ ሳይሆን ብሮውዘሩ ነው። ደንበኛ መጥቶ ኢሜይሉን ይከፍታል፣ ከቴሌግራም ፋይል ያወርዳል፣ የፓስፖርት ቅጽ በኦንላይን ይሞላል፤ አራት አምስት ታብ ከተከፈተ 2 ጊጋ ያልቃል። 4 ጊጋ ላይ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ይይዘዋል። 8 ጊጋ ላይ ስለ ራም ማሰብ ያቆማሉ።

አሁን እርስዎን የሚያስመርረው መንቀርፈፍ ግን በአብዛኛው ከራሙ አይደለም ብዬ እገምታለሁ። ዛሬ ማታ ይህን ያድርጉ፦ ላፕቶፑን አስነስተው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ቁልፎችን አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። ከላይ ሲፒዩ፣ ሜሞሪ፣ ዲስክ የሚሉ አምዶች አሉ። ሲፒዩው 10 እና 15 በመቶ ላይ እየዋለለ ዲስክ የሚለው 100 በመቶ ላይ ለደቂቃዎች ተገትሮ ከቀረ፣ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ዲስኩን እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ያ 320 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህንና ወዲያ ወዲህ የሚል መርፌ ያለው ነው። ትንንሽ ፋይሎችን ከየቦታው ለመልቀም መርፌው እየተመላለሰ ጊዜ ይበላል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ሚንትን በሃርድ ዲስክ ላይ ቢጭኑት ከዊንዶውስ 10 ይሻላል፤ በኤስኤስዲ ላይ ቢጭኑት ግን ሌላ ኮምፒውተር የገዙ ይመስልዎታል። ገንዘብዎ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ኤስኤስዲውን ይግዙ፣ ራሙ ይቆይ።

ለኢ6430 የሚሆነው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ነው። ሻጩ ኤም.2 የሚባለውን ቀጭን ካርድ ሊሰጥዎት ከሞከረ አይቀበሉ፤ ለእርስዎ ማሽን አይሆንም። ለሥራዎ 240 ወይም 256 ጊጋ ይበቃል። ራሙ የላፕቶፕ ዲዲአር 3 መሆን አለበት፤ ዲዲአር 4 ጠርዙ ላይ ያለው ስንጥቅ ቦታው ስለሚለይ አይገባም፣ ለማስገባት መታገልም ማዘርቦርዱን ይጎዳል። ማሽኑ ሁለት የራም ማስገቢያ አለው። ራም ለመግዛት ከመሄድዎ በፊት ባለሙያው ማሽኑን ከፍቶ ይይልዎት፦ አንዱ ክፍት ከሆነ 4 ጊጋ መጨመር ነው፤ ሁለት ባለ 2 ጊጋ ተሰክቶበት ከሆነ ግን አንዱን አውጥቶ በ4 መተካት ወይም ሁለቱንም መቀየር ይኖርብዎታል። አንድ ጊዜ ከተከፈተ ደግሞ ማራገቢያውን ያስጠርጉ። አዳማ ውስጥ ነፋሱ አቧራውን እየነዳ በሱቅ በር ሲያስገባ እንደሚውል እርስዎ ይበልጥ ያውቁታል። አቧራ የደፈነው ማራገቢያ ማሽኑን ያግለዋል፣ የጋለ ፕሮሰሰር ደግሞ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያኔ የትኛውም ሲስተም ቢጫን ይንቀረፈፋል።

ሚንት በሦስት ዓይነት የስክሪን ገጽታ ይመጣል፦ ሲናሞን፣ ማቴ እና ኤክስኤፍሲኢ። ኤስኤስዲና 8 ጊጋ ራም ካደረጉ ሲናሞንን ይውሰዱ። ራሙ 4 ጊጋ ላይ ከቀረ ኤክስኤፍሲኢ ይሁን፤ ጌጡ ያነሰ ነው፣ ሥራው ያው ነው። የዴስክቶፑ ዓይነት ማሽን ኖሯቸው ይህን የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ካሉ፦ ኮር ቱ ዱኦ በ2 ጊጋ ራም ኤክስኤፍሲኢን ያስነሳል፤ ለጽሑፍና ለማተም ይሆናል፣ ለኢንተርኔት ግን ያስቸግራል። ራሙን ወደ 4 ጊጋ ማሳደግ ከተቻለ የተሻለ ነው።

ከመጫንዎ በፊት መሞከር ይችላሉ፤ ሚንት ለጀማሪ ይስማማል የምልበት አንዱ ትልቅ ምክንያትም ይህ ነው። የሚንት መጫኛ ፋይል ወደ 3 ጊጋባይት ስለሚጠጋ በሞባይል ዳታ ከሚያወርዱት ገደብ የሌለው ዋይፋይ ካለበት ቦታ ያውርዱት፣ ወይም ያንን ተማሪ ደንበኛዎን በፍላሽ እንዲያመጣልዎት ይጠይቁት። ለመሥራት 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል፤ ውስጡ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ግን ይወቁ። ፋይሉን ዝም ብሎ ኮፒ ማድረግ አይሠራም፤ ሩፉስ በሚባለው ፕሮግራም መጻፍ አለበት። ከዚያ ፍላሹን ሰክተው ላፕቶፑን ሲያበሩ የዴል ምልክት እንደመጣ ኤፍ 12ን ደጋግመው ይጫኑ፤ ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹን ይምረጡ። ኤችፒ ማሽን ላይ ኢስኬፕ ከዚያም ኤፍ 9 ነው።

ሚንት ከፍላሹ ይነሳል፣ ዲስክዎን አይነካም። በዚያ ሰዓት በእርጋታ ይፈትኑት። ዋይፋዩ ኔትወርክ ያያል? ድምፅ አለ? የስክሪኑ ብርሃን ይጨምራል ይቀንሳል? ክዳኑን ዘግተው ሲከፍቱት ይነሳል? ፕሪንተሩን ሰክተው አንድ ገጽ ያትሙ። ፍጥነቱን ግን በዚህ ጊዜ አይመዝኑት፤ ከፍላሽ ስለሚነበብ ይዘገያል። ዋይፋዩ ካልታየ አይደንግጡ። በዚያ ዘመን አንዳንድ ዴል ላፕቶፖች ላይ የብሮድኮም ካርድ አለ፣ እሱ የራሱን ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ፕሮግራም) ይፈልጋል። ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝተው የዩኤስቢ ቴዘሪንግ ይክፈቱ፤ ሚንት እንደ ገመድ ኢንተርኔት ይቀበለዋል። ከዚያ ሜኑ ውስጥ ድራይቨር ማኔጀር የሚለውን ሲከፍቱ የጎደለውን አግኝቶ ይጭናል።

አማርኛው ላይ ልቆይ፣ እንጀራዎ እሱ ላይ ነውና። ሚንት ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ማንበብ ችግር የለውም። ፎንት ከፈለጉ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ሲል የሚባሉትን ሶፍትዌር ማኔጀር ውስጥ ያገኛሉ። ለመጻፍ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አይባስ የሚባለው ነው፦ ሜኑ ውስጥ ኢንፑት ሜተድ የሚለውን ከፍተው አይባስን ይመርጣሉ፣ ኤም17ኤን የሚባለውን ተጨማሪ ይጭናሉ፣ ወጥተው ሲመለሱ ከኪቦርዶቹ መካከል አማርኛ ሴራ የሚለውን ያክላሉ። አጻጻፉ በድምፅ ነው። ኤስ ሲነኩ ስ ይመጣል፣ ኢን ሲያስከትሉ ሰ ይሆናል፤ ኤል እና ኤ ላ፣ ኤም ብቻውን ም፤ ሰላም ተጻፈ። ሽ በኤክስ፣ ች በሲ፣ ጥ በትልቁ ቲ፣ ኝ በትልቁ ኤን ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለመዞር የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘው ስፔስን ይጫኑ።

ፓወር ግዕዝ የለመደ ጣት ግን መጀመሪያ ላይ ይሳሳታል፤ ቁልፎቹ ሁሉ አይገጥሙም። በተለይ በፍጥነት የምትጽፍ ሠራተኛ ካለችዎት ጥቂት ቀን ትበሳጫለች። ለዚህ ሁለተኛው መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ፦ ኪማን የሚባለው ፕሮግራም። ነፃ ነው፣ በሊኑክስም በዊንዶውስም በአንድሮይድም ይሠራል፣ ያው የአማርኛ ኪቦርድ በሁሉም ላይ ይጫናል። ዴስክቶፑ ላይ አሁኑኑ ይጫኑትና ሠራተኛዋ ሚንት ከመምጣቱ በፊት በለመደችው ማሽን ላይ ጣቷን ታስለምድ። ለአፋን ኦሮሞ በቁቤ ስለሚጻፍ የተለየ ኪቦርድ አያስፈልግዎትም። ሊብሬኦፊስ ላይ ግን ቃሉን በእንግሊዝኛ እንዳያርምብዎት አውቶኮሬክት የሚለውን ያጥፉት፤ አለዚያ ያላዩት ስህተት ታትሞ ይወጣል።

የቆዩት ሰነዶች የተለየ ጉዳይ ናቸው። በድሮው ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ውስጡ በእውነት አማርኛ የለም። ያለው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ነው፤ ፎንቱ የአማርኛ መልክ ያለብሳቸዋል። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት የተዘበራረቀ ምልክት የሚያዩት ለዚህ ነው። ጥፋቱ የሊኑክስ አይደለም፤ ፎንቱ ያልተጫነበት ዊንዶውስም ያንኑ ያሳያል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ የራሱን ቦታ ያገኘው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያም በኋላ ብዙ ቢሮዎች በድሮው መንገድ ለዓመታት ቀጥለዋል፣ ስለዚህ የውል፣ የማኅበር መተዳደሪያ፣ የአቤቱታ ናሙናዎችዎ ግማሹ እንዲህ ያለ ሊሆን ይችላል። ፎንቶቹን ከዊንዶውሱ አውጥተው ሚንት ላይ ቢጭኗቸው ሰነዱ ይነበባል፣ ይታተማል፤ ማረም ግን ያስቸግራል። እኔ የምመክረው አዘውትረው የሚጠቀሙባቸውን ናሙናዎች ብቻ መርጠው በዩኒኮድ እንደገና ማስጻፍ ነው። ሥራው አሰልቺ ነው፣ ግን አንዴ ከተጻፉ በስልክም በኢሜይልም ሳይበላሹ ይሄዳሉ። ሌላው ዴስክቶፑ ላይ ይቆይ።

በዩኒኮድ የተጻፉትም ቢሆኑ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ደንበኛ በኒያላ ፎንት የጻፈውን የዎርድ ፋይል ሲያመጣ ሚንት ያ ፎንት ስለሌለው በሌላ ይተካዋል፣ የመስመሩ ስፋት ይለወጣል፣ በ12 ገጽ ያለቀው 13 ይሆናል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ማውጫው ሁሉ ይዛባል። የማስተርስ ተማሪዎችን «ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አምጡ» ብሎ ወረቀት በሩ ላይ መለጠፍ ይበቃል። እርስዎ በሊብሬኦፊስ የጻፉትን ደግሞ ለሌላ ሲልኩ በዎርድ ፎርማት እንዲቀመጥ ከኦፕሽንስ ውስጥ አንዴ ያስተካክሉት። ኤክሴል ላይ ማክሮ (ሥራን በራሱ የሚያከናውን ትእዛዝ) ያለው ፋይል ግን ሁልጊዜ በትክክል አይሠራም።

ፒ1102 ሚንት ላይ ያትማል። ይህ ሞዴል ከኤችፒ የሚወርድ ተጨማሪ ፋይል ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ሲሰካ ኢንተርኔት መኖር አለበት፣ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ትልቅ የኮፒ ማሽን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኙ ከሆነ የሊኑክስ ድራይቨር እንዳለው ከአምራቹ ገጽ ላይ አስቀድመው ያረጋግጡ።

ተማሪው ስለ ቫይረስ የነገረዎት በከፊል ልክ ነው። በየቀኑ የሚያዩትን ልጥቀስ። ደንበኛ ፍላሹን ይሰካል፣ ፎልደሮቹ ሁሉ ጥጋቸው ላይ ቀስት አላቸው፣ እያንዳንዳቸው 1 ወይም 2 ኪሎባይት ናቸው። ሾርትከት ቫይረስ ነው። እውነተኛው ፎልደር ተደብቋል፤ የሚታየው ሲነካ ቫይረሱን የሚያስነሳ አቋራጭ ነው። ያ አቋራጭ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ ሚንት ላይ ቢነኩት አያስነሳም። ከዚያም በላይ ዊንዶውስ ላይ «የተደበቀ» ተብሎ የተመዘገበውን ፎልደር ሚንት እንደማንኛውም ፎልደር ያሳየዋል። አንዳንዴ ፋይሎቹ ሁሉ ስም የሌለው በሚመስል አንድ ፎልደር ውስጥ ተጠራቅመው ያገኟቸዋል። «ጠፋብኝ» ብሎ የመጣ ተማሪ ፋይሉን እዚያው ፊቱ ላይ ሲያገኘው ማየት ነው።

ይህ ማለት ግን ፍላሹ ንጹሕ ሆነ ማለት አይደለም። ቫይረሱ እዚያው ተኝቷል፤ ያንኑ ፍላሽ አውጥተው ዴስክቶፑ ላይ ቢሰኩት ይነሳል። ስለዚህ የደንበኛ ፍላሽ የሚገባው ላፕቶፑ ላይ ብቻ ይሁን፤ ይህን ለሠራተኛዋ አጥብቀው ይንገሯት። በኢሜይል የሚመጣ ማጭበርበርና የተሰረቀ የይለፍ ቃል ደግሞ ሊኑክስንም ዊንዶውስንም አይለይም።

ወደ ፒችትሪ። ዛሬ ሴጅ 50 የሚባለው ይህ ፕሮግራም ለዊንዶውስ የተሠራ ነው። ዋይን በሚባለው ማስተርጎሚያ ሊኑክስ ላይ የዊንዶውስ ፕሮግራም ማስነሳት ይቻላል፤ አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። የግብር ሒሳብ በእንዲህ ያለ ነገር ላይ አይቀመጥም። ሚንት ውስጥ ቨርቹዋልቦክስ ጭኖ በውስጡ ዊንዶውስ ማስኬድም አለ፤ 8 ጊጋ ራም ካለ ይቻላል። እርስዎ ግን የሚሠራ ዴስክቶፕ እያለዎት ለምን ይድከሙ? የዴስክቶፑን የኔትወርክ ገመድ ይንቀሉ፣ ፒችትሪውን ባክአፕ የሚያደርጉበት አንድ ፍላሽ ለብቻው ይመድቡ፣ ያ ፍላሽ ለሌላ ሥራ አይዋል።

ፎቶሾፕም እንደዚሁ ሊኑክስ ላይ የለም። ለጉርድ ፎቶ ጊምፕ ይበቃል፤ ለጥሪ ካርድና ለማኅተም ንድፍ ኢንክስኬፕ አለ። ዋና ገቢዎ ባነርና የሠርግ ካርድ ቢሆንና በኮረል ወይም በፎቶሾፕ የሚሠራ ባለሙያ ቢኖርዎት ሚንትን አልመክርዎትም ነበር፤ የሰውየውን ፍጥነት ይገድለዋል። ከጥያቄዎ እንደገባኝ ግን ሥራዎ ጽሑፍ፣ ስካን፣ ኮፒና ኢንተርኔት ነው።

ሲጫን ጥንቃቄ የሚፈልገው አንድ ቦታ ነው። ጫኚው ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ላጥፋ ወይስ ከዊንዶውስ ጎን ልቀመጥ ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ያደርጋል። እኔ ለእርስዎ የምመርጠው ሌላ ነው፦ አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ሚንት ብቻ ይጫን፤ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ከነዊንዶውሱ፣ ከነፋይሉ ወጥቶ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። ሚንት ካልተስማማዎት ባለሙያው ዲስኩን መልሶ ይሰካልዎታል፣ ላፕቶፑ እንደነበረው ይሆናል። ፋይሎቹን ለመውሰድ ደግሞ የሃርድ ዲስክ ማቀፊያ ገዝተው በዩኤስቢ ያገናኙት፤ ሚንት የዊንዶውስን ዲስክ ያነባል፣ ይጽፍበታልም። ዲስኩ ከመውጣቱ በፊት ግን ዊንዶውሱ ላይ ሁለት ነገር ይዩ፦ ዲስኩን በምስጢር የሚቆልፈው ቢትሎከር ሥራ ላይ ከሆነ ያጥፉት፤ ፋስት ስታርትአፕ የሚለውንም ያጥፉና ሙሉ በሙሉ ሻት ዳውን ያድርጉት። አለዚያ ዊንዶውሱ በግማሽ እንቅልፍ ላይ ስለሚቀር ሚንት ያንን ዲስክ ለማንበብ ብቻ ነው የሚከፍተው።

ከተጫነ በኋላ መጀመሪያ የሚያደርጉት ታይምሺፍትን ማዘጋጀት ነው። የሲስተሙን ቅጂ በየጊዜው ያስቀምጣል፤ አንድ ማሻሻያ ቢያበላሽ ወደ ትናንቱ ይመልስዎታል። የሚያስቀምጠው ግን ሲስተሙን ነው፣ የደንበኛ ሰነድ አይደለም፤ ለሰነድ የተለየ ባክአፕ ይያዙ። የመጀመሪያው ማሻሻያ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊሆን ስለሚችል በሞባይል ዳታ አያስጀምሩት። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓትም ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ማሻሻያ አይጀምሩ፤ መሃል ላይ ከጠፋ የሚያስከትለውን ለማስተካከል ጊዜ ይወስዳል። የላፕቶፑ ባትሪ ግማሽ ሰዓት እንኳ የማይይዝ ከሆነ ከራሙ በፊት ባትሪውን ያስቀድሙ። የ22ኛው ሚንት ተከታታይ መሠረቱ ኡቡንቱ 24.04 ነው፣ ማሻሻያ የሚያገኘውም በፈረንጆቹ እስከ 2029 ነው። እስከዚያ ድረስ ይህ ላፕቶፕ በአዲስ ይተካ የሚያስብል ምክንያት ከሲስተሙ በኩል አይመጣም።

የፍላሹን ሙከራ እሑድ ሱቁ ሲዘጋ ያድርጉት። ዋይፋዩ ካልታየ ወይም ፕሪንተሩ ካላተመ ስክሪኑ ላይ የወጣውን መልእክት በስልክ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። ራሙ ሲከፈት ስንት ማስገቢያ ክፍት እንደሆነም ይጻፉልኝ፤ የትኛው የሚንት ዓይነት እንደሚወርድ ያኔ እንወስናለን።